አንድ ስም፣ ሁለት ባለቤት፦ ከፈረስ ስም እስከ ሰርቨር ስም



የታሪክ መምህር ስለ ሰርቨር ምን አገባው እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰርቨርም በመረብ ማውጫ ላይ ሲመዘገብ እንደ ሰውና እንደ ከተማ የስም ሙግት ይገጥመዋል።

ከአካባቢያችን ልነሣ። ኢሉ አባ ቦራ በሚለው መጠሪያ ውስጥ «አባ ቦራ» የፈረስ ስም ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ እንደነበር ሁሉ፣ የጥንት መኳንንት በሁለት ስም ይታወቁ ነበር። ለአንድ ባለቤት ሁለት ስም መኖሩ ግጭት አይደለም። ግጭት የሚነሣው አንዱ ስም ለሁለት ሲሆን ነው። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ሲዛወር፣ የድሮውን መዝገብ ይዞ የቀረ ሰው ደብዳቤውን ወደ ጎሬ መላኩ አይቀርም ነበር። ጥፋቱ የጎሬም የመቱም አይደለም፤ ያልታረመው መዝገብ ነው።

የኮምፒውተር መረብ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በመጀመሪያ የኮምፒውተሮች ሁሉ ስም በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም በሚጠበቅ አንድ ፋይል ይመዘገብ ነበር። መረቡ ሲሰፋ አንድ ጽሕፈት ቤት ሁሉን መቆጣጠር ተሳነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ሞካፔትሪስ ስሞችን በቅርንጫፍ የሚያደራጅ ሥርዓት ነደፈ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ስም በተለያየ ቅርንጫፍ ሥር ያለ ጠብ መኖር ቻለ።

የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ማውጫ ግን የቆየ ልማድ ወርሷል። የኮምፒውተሩ አጭር ስም ከ15 ፊደል አይበልጥም፤ በአንድ ዶሜይን ውስጥም ሊደገም አይችልም። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ተቋም ሰርቨሮችን የምንሰይመው በአካባቢውና በክፍሉ ስም ሲሆን፣ መለያ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ይመጣ ነበር። አዲሱን ሰርቨር ስንመዘግብ ቁጥሩ ከ15ኛው ፊደል በኋላ ስለዋለ ተቆረጠ፤ አዲሱ የነባሩን ስም ያዘ፣ መለያውንም ወረሰ። የተማሪዎችን ውጤት የያዘው ነባር ሰርቨር ከማውጫው ተቆራረጠ፤ በምዝገባ ሳምንት ተማሪዎች ደጅ ቆሙ። እኛም የኬብል ብልሽት መስሎን ስንፈትሽ ዋልን።

ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማይክሮሶፍት ነባር መለያን ማንም እንዲሁ እንዳይወርስ ከልክሏል። ዛሬ «ይህ ስም ተይዟል» የሚል ክልከላ ሲገጥመን መዝገቡን ለመሰረዝ እንቸኩላለን። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ስሙን የያዘው ማን ነው? ባለቤቱ ዛሬም ይሠራል? የሚሠራ ከሆነ፣ ለአዲሱ መለያው በፊት የሚመጣ ሌላ አጭር ስም ይሰጠው። ከአገልግሎት መውጣቱ ከተረጋገጠ፣ ኃላፊው መዝገቡን ያንሣ፤ ለውጡ ለማውጫው ሰርቨሮች ሁሉ እስኪደርስ ይጠበቅ፤ ከዚያ ይመዝገብ።

የታሪክ ተማሪ ሰነድ ሲያነብ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ስሙን ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን? ስም የሚኖረው በመዝገብ ነው፤ መዝገቡን የማይጠብቅ፣ ባለቤቱን ከደጅ ያስቀራል።