የመኪና መብራት ለምን ብልጭ ድርግም ይላል?

ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና መብራት ታሪክ ነው። ከመካከላችሁ ሾፌር ወይም ረዳት የሆነ፣ ጋራዥ ውስጥም የሚሠራ ይኖራል። መኪና የሌለውም ቢሆን ሲመሽ በመንገድ ዳር ይሄዳል፤ ከብት ይነዳል። የኋላ መብራቱ አንዴ በርቶ አንዴ የሚጠፋ የጭነት መኪና በጨለማ ሲሄድ፣ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፍሬን ቢይዝ ምን ዋጋ አለው?

ለመሆኑ ይህ በሽታ ከየት መጣ? ይህን ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የኮረንቲ መብራት አልነበራቸውም። እንደ ፈረስ ሠረገላ በላምባ የሚነድ ፋኖስ ይሰቀልባቸው ነበር። ፋኖስ መንገድ አያሳይም፤ መኪናው መኖሩን ብቻ ያሳያል። ቀጥሎ የካርባይድ መብራት መጣ። ቃሉን በደብተራችሁ ጻፉት፤ ካ-ር-ባ-ይ-ድ። ካርባይድ ድንጋይ የሚመስል ነገር ነው፤ በጋዝ የሚበይዱ ሰዎች ያውቁታል። ውሃ ጠብ ጠብ ሲልበት አሴቲሊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ሲለኮስ ደማቅ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። ጣጣው ግን ብዙ ነበር፤ ሾፌሩ ወርዶ ውሃ ይሞላል፣ ክብሪት ይጭራል፣ ዝቃጩን ይጠርጋል።

በ1912 በአሜሪካ አገር ካዲላክ የተባለው ፋብሪካ ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራውን መሣሪያ በመኪናዎቹ ላይ ገጠመ። መሣሪያው ሞተሩን በኮረንቲ ያስነሣል፣ ባትሪውን ይሞላል፣ መብራቱንም ያበራል። ይህ ግን የሀብታም መኪና ነበር። ብዙ ሰው የሚገዛው የፎርድ ሞዴል ቲ በ1915 የፊት መብራቱ ኮረንቲ ሲሆን ባትሪ አልነበረውም። ኮረንቲው የሚመጣው ሞተሩ ከሚያሽከረክረው ማግኔት ነው። ሞተሩ ሲፈጥን መብራቱ ይደምቃል፤ ሲዘገይ ይደበዝዛል። እንግዲህ አስቡት፤ ሾፌሩ መንገዱ ከፍቶበት ቀስ ሲል፣ ብርሃን በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ማለት ነው፣ መብራቱም አብሮት ይደክማል። ሁለቱ አምፖሎች በአንድ መስመር ተከታትለው ስለታሰሩ አንዱ ሲቃጠል ሁለቱም ይጠፋሉ። የኋላው መብራት ደግሞ ገና ላምባ ነበር። ከፊት ኮረንቲ፣ ከኋላ ኩራዝ!

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ኮረንቲ ከባትሪው ወጥቶ፣ በአምፖሉ አልፎ፣ ተመልሶ ባትሪው መግባት አለበት። ካልተመለሰ አያበራም። ስለዚህ መሄጃና መመለሻ ያስፈልገዋል። የመዳብ ሽቦ ግን ውድ ነው። ቦዲ የምንለው የመኪናው አካል ደግሞ ብረት ነው፤ ብረት ኮረንቲ ያሳልፋል። በዚህ ምክንያት ፋብሪካዎቹ ረጅሙን የመመለሻ ሽቦ ትተው ቦዲውን መመለሻ አደረጉት። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። ዕዳው ግን ለባለመኪናው ተረፈ። ብረት ይዝጋል፤ ቀለም ይቀባል፤ ቡሎን ይላላል። ዝገትና ቀለም ኮረንቲውን ይከለክላሉ። መንገዱ መኪናውን ሲያንገጫግጨው መገናኛው አንዴ ይነካካል፣ አንዴ ይለያያል፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይላል።

ብዙ ሰው ግን መብራት በተቆራረጠ ቁጥር አምፖል ይገዛል። በእኔ አስተያየት ይህ ገንዘብ መጣል ነው። አንዴ እየበራ አንዴ የሚጠፋ አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ነው፤ የታመመው መገናኛው ነው። በተለይ ፍሬን ስትረግጡ ያላዘዛችሁት አምፖል ፈዘዝ ብሎ ቢበራ መመለሻውን ጠርጥሩ። ኮረንቲው የራሱን መመለሻ ሲያጣ በጎረቤቱ አምፖል በኩል ያመልጣልና።

እንዴት ይመረመራል? ሞተሩን አጥፉ፤ መብራቱን አብሩ። ላስቲክ የለበሰ ሽቦ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ከቦዲው ጋር ከታሰረው የባትሪ ጫፍ፣ ሌላውን አምፖሉ ከተሰካበት የብረት ቤት ጋር አነካኩ። መብራቱ ወዲያው ደምቆ ከጸና በሽታው መመለሻው ላይ ነው። ከሌላኛው የባትሪ ጫፍ ጋር ግን አታነካኩ፤ ሽቦው ግሎ ያቃጥላችኋል። የአምፖሉ ቤት ፕላስቲክ ከሆነ ከመብራቱ ወጥቶ ቦዲው ላይ የሚታሰረውን አጭር ሽቦ ፈልጉ። ቡሎኑን በመፍቻ ፍቱ፤ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጉና መልሳችሁ አጥብቁ።

ሁለቱ የፊት መብራቶች አብረው የሚጠፉ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ የሚጋሩትን ፈልጉ፤ የባትሪውን ጫፍ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ የጋራ መመለሻ ካላቸውም እሱን። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። በብዙ የአሜሪካ መኪናዎች ለረጅም ዘመን የፊት መብራት በፊውዝ አይጠበቅም ነበር። ፊውዝ ከተቃጠለ በሌሊት ድፍን ጨለማ ነው። በፊውዝ ፈንታ ሲግል የሚቋረጥ፣ ሲበርድ የሚገናኝ ትንሽ ብረት ተደረገ። ሽቦው ተልጦ ቦዲውን ሲነካ ብረቱ ይግላል፤ መብራቱ ይጠፋል። ሲበርድ መልሶ ይበራል። ሾፌሩ በዚያች ብልጭታ መንገዱን አይቶ ዳር ይይዛል። ይህን ያሰበ ሰው ሌሊት መኪና የነዳ ሰው መሆን አለበት! እንግዲህ እንዲህ ባለ መኪና ላይ፣ መኪናው ቆሞ ሳለ መብራቱ እየቆየ የሚጠፋና የሚበራ ከሆነ የተላጠ ሽቦ ወይም ያረጀ ማብሪያ ማጥፊያ ፈልጉ። በጉድጓድ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ግን የላላ መገናኛ ነው።

ዛሬ ኤልኢዲ የተባለ መብራት ያላቸው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዙ መኪናዎች አሉ። በእነዚህ ላይ ሽቦ እያነካካችሁ አትሞክሩ፤ ለባለሙያ ስጡ። ቢሆንም በብዙዎቹ ኮረንቲው ዛሬም የሚመለሰው በዚያው በብረቱ ቦዲ ነው።

ለሚቀጥለው ሳምንት በደብተራችሁ የምትመልሱት ጥያቄ ይኸውላችሁ። የግራ የኋላ መብራት ፍሬን ሲረገጥ ይደበዝዛል፤ የቀኙ ደኅና ነው። ምርመራውን ከየት ትጀምራላችሁ? ለምን? በሦስት መስመር ጻፉ። ደኅና ሰንብቱ።