ሠሪ እጅና ሰጪ እጅ፤ በመርሐ ቤቴና በመንዝ ስለሚሰጡ የእጅ ሥራዎች

የአንድ አገር ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ስለ ነገሥታቱ ዘመንና ስለ ጦርነቱ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ እርስ በርሱ የሚሰጣጣው ዕቃም የታሪክ ምስክር መሆኑ አይካድም። ለማን ምን እንደ ተሰጠ፥ የተሰጠውንም ማን እንደ ሠራው ቢጠየቅ የአንድ ማኅበር አኗኗር በግልጽ ይታያል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው በዓለም ከተማና በአካባቢው፥ ይኸውም በመርሐ ቤቴ፥ በመንዝና በግሼ፥ በእጅ እየተሠራ በስጦታ የሚቀርበውን ዕቃ ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ስጦታው ሲከበር የሠራው ሰውስ አብሮ ይከበራልን?

ዓለም ከተማ የመርሐ ቤቴ ዋና ከተማ ስትሆን በጀማና በወንጪት ወንዞች ሸለቆዎች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከከተማይቱ ወደ ጀማ የወረደ ሰው ቆላ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ ወደ መንዝ የወጣ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው፥ ውርጭ ወደሚበዛበት ደጋ ይደርሳል። የአገሩ አቀማመጥ እንዲህ የተለያየ በመሆኑ የእጅ ሥራውም ዓይነት እንደዚሁ ይለያያል። የመንዝ ሰው ጠጕራም በጎች ስላሉት ከበግ ጠጕር ባናና ዝተት ይሠራል። ጓሳ ከሚባለው ሣርም የቤት ክዳን፥ ገመድ፥ ለእረኛውም ዝናብ የሚከላከል ገሳ ይወጣል። ከዚያ ዝቅ ባለው አገር ደግሞ የጥጥ ፈትልና የሣር ስፌት ዋናውን ቦታ ይይዛሉ።

በመጀመሪያ ሠሪውና ሰጪው አንድ ሰው የሆኑበትን ሥራ እንመልከት። መሶብ፥ ሰፌድና ሌማት የሚሰፉት ሴቶች ናቸው። አክርማና ስንደዶ ከመስክ ይለቀማል፤ ይደርቃል፤ ከስንደዶውም የሚፈለገው ያህል በቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በወስፌ እየተወጋ፥ ክብ በክብ ላይ እየተጨመረ ይሰፋል። አንድ ጥሩ መሶብ የብዙ ወራት የትርፍ ጊዜ ሥራ ይጠይቃል። ይህም ጊዜ ከእህል መፍጨት፥ ከውሃ መቅዳትና ከልጅ ማሳደግ የተረፈው መሆኑን ልብ ይሏል። ስፌት የድኻም የባለጸጋም ሴት ሥራ ነበረ፤ በወይዘሮዎቹ ቤት እንኳ ሙያ ተብሎ ይመሰገናል እንጂ የሚያሳፍር አልነበረም።

ፈትልም እንደዚሁ ነው። ጥጡ ይዳመጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርት ተፈትሎ ይጠቀለላል። በአራት እጥፍ የሚዘጋጀውን አንድ ጋቢ ለማድረስ የሚፈጀው ፈትል ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቁት የፈተሉት ናቸው። እናት ይህን ፈትል የምታዘጋጀው ስሙን ለምታውቀው ሰው ነው። ለባልዋ፥ ለልጅዋ፥ ለአባትዋ ወይም ለነፍስ አባትዋ ትፈትላለች። በየመኝታ ክፍላችን ሌሊት የምንደርበውን ጋቢ ብንመለከት፥ ከመካከላችን የብዙዎቹ የእናት ወይም የአክስት እጅ ያለበት ሆኖ እናገኘዋለን።

እነዚህ ዕቃዎች የሚሰጡበት ጊዜ የታወቀ ነው። ሴት ልጅ ስትዳር እናትና ዘመድ ያዘጋጁላትን መሶብና ሰፌድ ይዛ ወደ አዲሱ ቤትዋ ትሄዳለች፤ ከሙሽራው ወገን የሚመጣው ጥሎሽም ልብስና ጌጥ አለበት። አራስ ሲጠየቅ፥ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፥ ሽማግሌ ሲመረቅ፥ የተሰፋ ወይም የተፈተለ ነገር ይቀርባል። በቤተ ክርስቲያንም ስእለት የደረሰለት ሰው መጋረጃ ወይም ጥላ ያገባል።

ሕፃናቱም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደሉም። በእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ በወረቀት ላይ እየሣሉ ለጎረቤት ያድላሉ፤ በምላሹም ዳቦ ወይም ሳንቲም ይቀበላሉ። ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ይጐነጕናሉ። በቡሄ ጊዜ ወንዶቹ ጅራፋቸውን ራሳቸው ገምደው ያጮኻሉ፤ ከየቤቱም በእናቶች እጅ የተጋገረ ሙልሙል ይሰጣቸዋል። እንግዲህ ልጁ ገንዘብ ከማወቁ አስቀድሞ እጁ የሠራውን ነገር መስጠትን፥ ከሰው እጅ መቀበልንም ይማራል ማለት ነው።

ማርሴል ሞስ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1925 በታተመው ስለ ስጦታ በጻፈው ጥናቱ፥ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ስጦታ ሦስት ግዴታዎች እንዳሉት አመልክቷል፤ እነርሱም መስጠት፥ መቀበልና ብድር መመለስ ናቸው። ይህ አሳብ ለአገራችንም ይስማማል። የእኛ ባላገር «ብድር መላሽ ያድርገኝ» ብሎ ሲመርቅ ሦስተኛውን ግዴታ መናገሩ ነው። ይሁን እንጂ የሞስ አሳብ ለእኛ ጥያቄ ብቻውን አይበቃም። እርሱ የሚመረምረው በሰጪና በተቀባይ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው፤ በእኛ አገር ግን ከሁለቱ በስተኋላ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም ባለ እጁ ነው።

እናት የፈተለችው ድርና ማግ ጋቢ የሚሆነው በሸማኔ እጅ ነው። የሙሽራይቱን አንባርና የአንገት ጌጥ የሚሠራው አንጥረኛ ነው። ማረሻውንና ወስፌውን ሳይቀር የሚቀጠቅጠው ቀጥቃጭ ነው፤ ድስቱንና ጀበናውን የምታበጀው ሸክላ ሠሪ ናት። እነዚህ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሰጪው ወገን አይደሉም። በይፋት በኩል እንደሚታየው እንደ አርጎባ ሸማኔዎች በሃይማኖት የሚለዩም አሉ፤ በቀድሞው ዘመን ርስት ያልነበራቸውም ብዙዎች ነበሩ። ከሁሉ የከፋው ግን ስድቡ ነበረ። ብረት ሠሪው ጠይብ፥ ዐይኑም የሚበላ ቡዳ ተብሎ ይፈራና ይናቅ ነበር። ጠይብ የሚለው ቃል ጠቢብ ከሚለው የመጣ መሆኑን ብናስብ ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል፤ ጥበብን የሚያመለክተው ስም ወደ ስድብ ተለውጧልና። «ባለ እጅ» የሚለውም ስያሜ እንደዚሁ ነው። እጅ የሌለው ሰው ባይኖርም፥ በእጁ የሚያድር ብቻ በእጁ ተጠርቶ ተናቀ።

ይህ ሁኔታ በቤተ መንግሥትም ይታይ ነበር። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፥ ዘራቸው ከመንዝ የሆነ፥ በ1833 ዓ.ም. ክረምት በአንኮበር የእንግሊዝን መልክተኛ ካፒቴን ሐሪስን ተቀብለው ነበር። ሐሪስ ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከ ጠመንጃና ልዩ ልዩ ጨርቅ ይዞ መጣ፤ በ1834 ዓ.ም. መጀመሪያም የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ንጉሡም በበኩላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ የአገራቸውን ስጦታ ላኩ። ታሪክ የላኪውን፥ የአድራሹንና የተቀባይቱን ስም በጥንቃቄ ጽፎ አቆይቶልናል። የሠሪዎቹ ስም ግን ከዚህ ጋራ አልተነሣም። ጀግና በብር ያጌጠ ጋሻና ለምድ በተሸለመ ጊዜም ምስጋናው ለሸላሚው፥ ክብሩ ለተሸላሚው ነበረ፤ ጋሻውን ያስጌጠው አንጥረኛ ግን በዚያው ቀን በመንገድ ላይ ሊሰደብ ይችል ነበር።

ነገሩን ለማረም የተደረገ ሙከራ የለም ለማለት አይቻልም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ እንዲህ ያለው ስድብ ንጉሡን እንደ መስደብ የሚቈጠር መሆኑንም አስታወቁ። ዐዋጁ ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም ምላስን መከልከል ቀላል ሲሆን ልብን መለወጥ ግን አስቸጋሪ መሆኑ ከዚያ በኋላ ታይቷል። በዐዲስ አበባ በእቴጌ መነን ስም የተቋቋመው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትም ሥራውን በትምህርት በኩል ለማስከበር የታሰበ ነበረ። በመጨረሻም በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ያደረገው ዐዋጅ ሲወጣ፥ ርስት ያልነበረው ባለ እጅ እንደማንኛውም ሰው መሬት የማግኘት መብት አገኘ።

ይኸው ዐዋጅ ግን በሌላ በኩል ያስከተለውን ነገር መዘንጋት አይገባም። በመንዝ የጓሳ ሣር የሚጠበቀው ቄሮ በሚባለው የቈየ ሥርዓት ነበር፤ መስኩ ለዓመታት እየተዘጋ፥ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይታጨድ ነበር። ሥርዓቱ በጥንቱ የርስት ይዞታ ላይ የቆመ ስለ ነበረ ከመሬቱ ለውጥ ጋራ ፈረሰ፤ ሣሩም ጕዳት ደረሰበት። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጅቷል። ከዚህ የምንረዳው የእጅ ሥራ ከሠሪው ሌላ የሚለቀምበት መስክና መስኩን የሚጠብቅ ስምምነት የሚያስፈልገው መሆኑን ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የገበያው ነገር ይመጣል። የፋብሪካ ጨርቅ፥ የቆርቆሮ ሳሕን፥ የፕላስቲክ ዕቃ ወደ ባላገሩ ቤት ገብቷል። በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተተክሏል። ይህን እንደ ጥፋት ብቻ የሚቈጥሩት አሉ፤ እኛ ግን በዚህ አንስማማም። የቆርቆሮ ሳሕን ከሸክላው ይልቅ አይሰበርም፤ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ሌሊቱን በእንዝርት ላይ የምታነጋውን ሴት ያሳርፋታል። ያለፈውን ዘመን ስናደንቅ የድካሙን መጠን የምንረሳ ከሆነ ታሪክ ጻፍን አይባልም። ደግሞም የጥንቱ ስጦታ ሁሉ ከፍቅር የመነጨ አልነበረም። ሹም ዘንድ ባዶ እጅ መግባት ስለማይቻል የሚቀርብ እጅ መንሻ ነበረ፤ በእርሱም ድኻው ይጐዳበት ነበር።

ነገር ግን የተገዛው ዕቃ የማይተካው አንድ ነገር አለ። የመሶቡ ጌጥ የማን እንደ ሆነ የሰፈሩ ሴቶች አይተው ያውቁታል፤ ስፌቱ የጠበቀ ወይም የላላ መሆኑ፥ የአለላው ቀለም አመራረጥ፥ የሰፊይቱ ፊርማ ነው። መሶቡ በተከፈተ ቍጥር ስምዋ ይነሣል። ስለዚህ በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ ሁለት ነው። ሠሪ እጅና ሰጪ እጅ አንድ በሆኑበት፥ ማለት በስፌትና በፈትል፥ ስጦታው ሠሪዋን ያስከብራል። ሁለቱ እጆች በተለያዩበት፥ ማለት በሽመና፥ በብረትና በሸክላ፥ ስጦታው ሰጪውን አስከብሮ ሠሪውን ይሸሽጋል። ንቀቱ ከሥራው ጠባይ የመጣ አለመሆኑም ከዚሁ ይታወቃል፤ ፈትል ከሽመና ይልቅ ንጹሕ ወይም ጥበብ የበዛበት ሥራ አይደለምና። የለያቸው የሠሪው በማኅበሩ ውስጥ ያለው ቦታ ነው።

ይህ አስተያየት ለእኛ ለተማሪዎች ቅርብ የሆነ ግዴታ ያመጣል። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲገኝ፥ በሙዚየሙም ከልዩ ልዩ አውራጃ የተሰበሰቡ የእጅ ሥራዎች ይታያሉ። ከእኛም መካከል በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንመለስ ዕቃ የምናመጣ እንኖራለን። ዕቃውን ስንቀበል «ከመርሐ ቤቴ የመጣ መሶብ» ብለን መጻፉ በቂ አይደለም። ማን ሰፋችው? ለማን ታስቦ ተሰፋ? ሣሩ ከየት መስክ ተለቀመ? ጋቢ ከሆነም ፈታይዋና ሸማኔው እነማን ናቸው? ሠሪው ፈቃዱን ከሰጠ ስሙ ከዕቃው ጋራ ይመዝገብ።

ዓለም ከተማ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ከተማ ጋራ የወዳጅነት ግንኙነት አላት። እንዲህ ያለ ወዳጅነት ባለበት ሁሉ የአገር እጅ ሥራ ለእንግዳ መቅረቡ አይቀርም። ለሣህለ ሥላሴ ስጦታ ያልተደረገው ነገር ዛሬ በትንሽ ወረቀት ሊደረግ ይችላል፤ ይኸውም ከሰጪው ስም ጐን የሠሪውን ስም መጻፍ ነው። የ1900ው ዐዋጅ ስድቡን ከለከለ፤ ምስጋናውን ለባለቤቱ ማድረስ ግን የእኛ ፈንታ ነው።