የመንዝ አቅኚ አባት ያወረሰው ምንድን ነው?

መግቢያ

በአማርኛ «አቀና» ማለት የጎበጠውን አስተካከለ ማለት ነው። ስለ መሬት ሲነገር ደግሞ ዳዋውን መነጠረ፣ ድንጋዩን ለቀመ፣ ጠፍ የነበረውን ምድር እርሻ አደረገ ማለት ይሆናል። ይህን ሥራ አስቀድሞ የሠራውን ሰው የመንዝ ሕዝብ «አቅኚ አባት» ይለዋል። የአቅኚዎቹ ስም በትውልድ ቆጠራ ሲነሣ ኖሯል፤ ነገር ግን ቤተ ሰቡ እንዴት ይኖር እንደ ነበረና አቅኚው ለልጆቹ በእርግጥ ምን እንደ ተወላቸው ብዙ ጊዜ አይመረመርም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሞላሌንና አካባቢዋን መነሻ አድርጎ ይህን ጥያቄ መመልከት ነው። በእኛ አስተያየት አቅኚው ያወረሰው የተከለለ እርሻ ሳይሆን መብት ነው፤ የመብቱም ጥቅምና ጉዳት የፈለቁት ከአንድ ምንጭ ነው።

አገሩና አሰፋፈሩ

ሞላሌ የማማ ምድር ዋና ከተማ ናት። መንዝ በጥንቱ አከፋፈል ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል። የአገሩ አፈ ታሪክ ማማ፣ ላሎና ጌራ መሬቱን ተካፍለው ያቀኑ ሰዎች ነበሩ ይላል።

በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ዘመቻና ከዚያም በተከተለው የኦሮሞ እንቅስቃሴ ምክንያት የሸዋ አሰፋፈር እጅግ ተለዋውጦ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነጋሲ ክርስቶስ ከአጋንቻ ተነሥቶ በመንዝ ኃይሉን አደላደለ፤ የሸዋ ገዦች እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ድረስ የዘር ሐረጋቸውን ከእርሱ ይቆጥራሉ። እንግዲህ መንዝን ማቅናት የሞፈርና የቀንበር ሥራ ብቻ አልነበረም፤ ጦርም ነበረበት። በዚያ ዘመን የተያዘው ምድር ሁሉ ሰው ያልነበረበት ነው ለማለት አይቻልም፤ «ጠፍ» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ የነበረውን ነዋሪ ይሰውራል።

የቤቱ ሥራ

የመንዝ አምባ በብዙ ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ውርጩም ያፈራውን እህል በአንድ ሌሊት ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚዘራው ገብስ ነው፤ ባቄላና ስንዴም ይከተሉታል። ገበሬው የበልግንም የክረምትንም ዝናብ ይጠብቃል፤ በልግ የቀረ እንደ ሆነ ጎተራው በክረምት ይራቆታል።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ለረጅም ጊዜ ያደረውን ሣራም መሬት ለማረስ አፈሩን ከነሣሩ ገልብጦ፣ አድርቆ፣ በየክምሩ ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው። ዐመዱ ከተበተነ በኋላ ገብሱ ጥቂት ዓመት መልካም ሆኖ ይበቅላል፤ ከዚያ መሬቱ ለብዙ ዓመት ማረፍ አለበት። ይህን የሚያደርግ ሰው ሰፊ መሬት፣ በሬና የሰው እጅ ያስፈልገዋል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል፤ ለአጨዳና ለውቂያም ደቦ ይጠራል።

ቤቱ በድንጋይ ተሠርቶ በሣር ይከደናል። እንጨት ስለማይገኝ ሴቶችና ልጆች እበት ለቅመው፣ ጠፍጥፈውና አድርቀው ኩበት ያደርጉታል፤ እሳቱ የሚነደው በዚህ ነው። ለመሬቱ ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው ነገር ምድጃ ስለሚገባ የቤቱ ሙቀት ከእርሻው ጉልበት የተቀነሰ ነው ለማለት ይቻላል። ልጆች ገና በሕፃንነታቸው እረኛ ይሆናሉ። የመንዝ በግ ትንሽና ላቱ ወፍራም ሆኖ ጠጉሩ ለልብስ ይሆናል። ጠጉሩን ሴቶች ይፈትሉታል፤ ሸማኔውም ባናና ዝተት ያደርገዋል። ያለዚህ ልብስ የመንዝን ሌሊት ማለፍ አይቻልም ነበር። እንግዲህ አቅኚው አንድ ሰው ተብሎ ይጠራ እንጂ ያቀናው ቤተ ሰቡ ነበር።

የሁለት አገር አቅኚዎች

ነገሩን ይበልጥ ለመረዳት ከሌላ አገር ጋር ማወዳደር ይጠቅማል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1862 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 160 ኤከር፣ ማለት ወደ 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጥ ነበር፤ ሰፋሪውም አምስት ዓመት ተቀምጦበት ማረስ ነበረበት። በነብራስካና በካንሳስ የሣር ሜዳ የሰፈሩት ገበሬዎች እንጨት ስላጡ ቤታቸውን ከነሣሩ በተቆረጠ አፈር ይሠሩ ነበር፤ እንደ መንዝ ሴቶችም የከብት ኩበት ያነዱ ነበር። ያ መሬትም ቀድሞ የአገሩ ተወላጅ ሕዝቦች ነበር።

ኑሮው ቢመሳሰልም ሕጉ ይለያያል። የአሜሪካው ሰፋሪ አምስቱን ዓመት ከፈጸመ በኋላ መሬቱ በስሙ ይጻፍለታል፤ ሊሸጠውም ይችላል። የመንዙ አቅኚ ግን መሬቱን ለዘሩ ሁሉ በርስትነት ያቆያል። ተወላጁ በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ ከአቅኚው መድረሱን ካስረዳ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ሴት ልጅም ርስት ትወርሳለች፤ ባልዋ ቢያርስላትም መብቱ የእርስዋ ነው፤ ብትፋታም ይዛው ትሄዳለች። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ምሳሌ የዚህን መብት ጽናት ያመለክታል።

ችግሩም ከዚሁ ይመነጫል። ሁሉም ወራሽ ከሆነ ድርሻው በየትውልዱ ይቀንሳል፤ ወንድም ከወንድሙ፣ የአጎት ልጅ ከአክስት ልጅ ጋር ይካሰሳል። መብት ያለው ሁሉ መሬት ያገኛል ማለት አይደለም፤ ትውልዱን አሳምሮ የሚቆጥር፣ ምስክር የሚያቆምና ለሙግት ጊዜ ያለው ይበልጥ ይጠቀማል። መሬት የጠበበው ወጣት ወታደርነትን ይመርጣል። በምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ ከዘመቱትና እዚያ ከሰፈሩት መካከል ብዙዎቹ የመንዝ ሰዎች ነበሩ። በአገሩ ርስቱን አጥብቆ የሚጠብቅ ሰው በሄደበት የሌላውን ገበሬ ገባር አድርጎ የኖረበት ጊዜ መኖሩን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም።

የጋራው ሣር

አቅኚዎቹ ከእርሻ ሌላ ያቆዩት ነገር ጓሳ ነው። ከጌራ ምድር በኩል ያለው ይህ የሣር አገር 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን፣ አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚዎች ለግጦሽና ለሣር ለይተው እንዳስቀሩት ይነገራል። ተወላጆቹ «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት አለቃ መርጠው ይጠብቁት ነበር። ቦታው ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ ችግር ሲበረታ በበጋ ይከፈትና ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። እርሻው በወራሾች ብዛት ሲቆራረጥ ጓሳው ሳይከፈል መቆየቱ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱም የቆሙት በአንድ መሠረት፣ ማለት ከአቅኚው በመወለድ ላይ ነበር።

መደምደሚያ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚፈቀደውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ከአቅኚ አባት ቆጥሮ መሬት መጠየቅ በዚህ ቀረ፤ የቄሮም ሥርዓት ፈረሰ። አዋጁ ርስት ያልነበራቸውን ሰዎች ከመሬት ጋር አገናኝቷል። ሆኖም ጓሳው በመብት የታሰረ ጠባቂ ስላጣ ተጎዳ፤ ሕዝቡ እንደገና ኮሚቴ አቋቁሞ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ዛሬ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚገኙበት የማኅበረ ሰብ ጥብቅ ቦታ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የአቅኚው ውርስ በመሬቱ ስፋት የሚለካ አለመሆኑን ነው። ውርሱ «እኔም ድርሻ አለኝ» የሚል ቃል ነበር፤ ይህም ቃል ልጆቹን አጣላ፣ ሣሩን ግን አዳነ። አንድ ሥራ ገና አልተፈጸመም። የአቅኚ አባቶች ስም ይታወቃል፤ የእናቶች ስም የሚነሣው ግን በእናት በኩል ርስት በተጠየቀ ጊዜ ነበር። ያ ሙግት ከቀረ ወዲህ ስማቸውን የሚያነሣ ምክንያት ጠፍቷል። ትውልድ መቁጠር የሚችሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በሕይወት ሳሉ የእነዚህን እናቶች ስም ሰብስቦ መጻፍ ከእኛ ከተማሪዎቹ የሚጠበቅ ሥራ ነው።