የምርመራ ግርዶሽ፦ «ሐሳብ ነው» የሚለው መልስ ሲቀድም

«ምንም የለብሽም፤ ሐሳብ አታብዢ።» እጅ እግሯ እየዛለባት ከሐኪም ሐኪም የዞረች ሴት ይህን ደጋግማ ሰምታዋለች። የደም ምርመራው ደህና ነው፣ ኤምአርአዩም ደህና ነው፤ እንግዲያው ጭንቀት ነው ይባላል። ይህን ስሕተት የሕክምና ባለሙያዎች «ዳያግኖስቲክ ኦቨርሻዶዊንግ» ይሉታል። በአማርኛ «የምርመራ ግርዶሽ» ብንለው ይስማማዋል፤ አንድ ጎልቶ የታየ ነገር ሌላውን በሽታ ከሐኪሙ ዐይን ሲጋርድ ማለት ነው።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1982 ያስተዋወቁት ስቲቨን ራይስና ባልደረቦቹ ሲሆኑ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የስሜት ሕመማቸው በውስንነቱ እየተሳበበ መታለፉን ለመግለጽ ነበር። በኋላ ትርጉሙ ሰፍቶ፣ የአካል ሕመም በጭንቀትና በድብርት ሲሳበብም ይጠሩበት ጀመር።

ግርዶሹ በደንብ ከሚታይባቸው በሽታዎች አንዱ ማያስቴኒያ ግራቪስ ነው። የሰውነት መከላከያ ነርቭና ጡንቻ የሚገናኙበትን ቦታ ያጠቃል፤ የነርቩ ትእዛዝ በወጉ ስለማይደርሰው ጡንቻው ይዝላል። የዐይን ቆብ ይወርዳል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል፣ ማኘክ ያቅታል፣ ድምፅ ይሰልላል። ዋናው ጠባዩ ግን ሲሠሩ መባሱ፣ ሲያርፉ መሻሉ ነው። ከሐረር አሮጌ ከተማ ከጁገል ተነሥቶ ካርድ ለማውጣት በማለዳ የሚሰለፍ ሰው ሌሊቱን ዐርፎ የመጣ ነው። ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ቆቡ ቀና ብሏል፣ ድምፁም ጥርት ብሏል። ማታ እንጀራ ማኘክ አቅቶት እንደነበር የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ኤምአርአይም ይህን መገናኛ አያሳይም።

ሐረር ላይ ግርዶሹ ሌላም መልክ አለው። ጫት የሚቅም ሰው ድካሙ ሁሉ «ምርቃናው ሲለቀው ነው» ወይም «ዱካክ ነው» ይባልለታል። አፉን በሐረሪዎቹ ቋንቋ በጌይ ሲናን፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ የፈታ ታማሚ ደግሞ አማርኛው «ደከመኝ» ላይ ሊያበቃ ይችላል። «ደከመኝ» ያዘነም፣ ጡንቻው የዛለም የሚለው ነው። ስለዚህ ያቃተውን ሥራ መናገር ይሻላል፦ «ፀጉሬን ስሠራ እጄ ወረደብኝ»፣ «ጥቂት እንደጎረስኩ መንጋጋዬ እንቢ አለኝ»። ማታ ቆቡ ሲወርድ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ከብዙ ማስረዳት ይበልጣል።

በዚህ አካባቢ የማይዘነጋ ሌላም የነርቭ በሽታ አለ። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ያለው የቢሲዲሞ ሆስፒታል የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ እጅን ያደነዝዛል፣ ያዝላል፤ በክርን በኩል የሚያልፈው ነርቭ ሲወፍር በጣት ሊዳሰስ ይችላል። ይህን ለመፈተሽ ማሽን አያስፈልግም።

ለማያስቴኒያም ቀላል መፈተኛ አለ። ታማሚው ለአንድ ደቂቃ ያህል ወደ ላይ ሲመለከት ቆቡ እየወረደ ከመጣ፣ ከዚያም በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለሁለት ደቂቃ ያህል ተይዞበት ቀና ካለ፣ ጠንካራ ፍንጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ስኮትላንዳዊቷ ሐኪም ሜሪ ዎከር የበሽታው ምልክት ከኩራሬ መርዝ ጋር መመሳሰሉን አስተውላ የመርዙን ማርከሻ ፊዞስቲግሚን ብትሰጥ ታማሚዋ ለጊዜው በረታች። ዛሬ የሚታዘዘው ፒሪዶስቲግሚን የዚያው ወገን ነው።

ስሜት ሰውነትን አያዝልም ማለቴ አይደለም። አወቃቀሩ ሳይጎዳ የነርቭ ሥርዓት አሠራር የሚታወክበት እውነተኛ ሕመም አለ፤ ታማሚው አያስመስልም። ግን እሱም የራሱ ምልክት አለው። ሐኪሙ ቻርልስ ሁቨር እ.ኤ.አ. በ1908 እንዳሳየው፣ የተኛው ታማሚ የዛለውን እግሩን ወደ ታች እንዲጫን ሲጠየቅ ያቅተዋል፤ ጤነኛውን ሲያነሣ ግን የዛለው ሳይታዘዝ ይጫናል። ሐኪም «ከስሜት ነው» የሚለው እንዲህ ያለ ምልክት አግኝቶ መሆን አለበት። የምርመራ ውጤት ደህና መሆኑ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የተጨነቀ ሰውም ማያስቴኒያ ሊይዘው ይችላል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ለወራት የዛለ ሰው መጨነቁስ ምን ይገርማል? ታማሚው «ጭንቀት ነው ያሰኘዎት የትኛው ምልክት ነው?» ብሎ በአክብሮት ቢጠይቅ፣ ወደ ነርቭ ሐኪም ሪፈር ይጻፍልኝ ቢልም መብቱ ነው።

ማያስቴኒያ ከተጠረጠረ ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝ መናገር ያስፈልጋል፤ ጄንታማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ዝለቱን ሊያብሱት ይችላሉ። መዋጥ ካቃተ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።