የገደሉት እንግዳና ያቀፉት ሕፃን

የጎረቤቴ ልጅ ከዓረብ አገር ስትመለስ ካመጣቻቸው ነገሮች መካከል አንዲት ትንሽ ሥዕል ነበረች። ቀይ ካባ የለበሰ፣ ዘውድ የደፋ፣ በግራ እጁ ክብ ነገር የያዘ ሕፃን።

«ጋሼ፣ ኢየሱስ ነው አለችኝ፤ እውነቷን ነው?»

ሥዕሏን የሰጠቻት አብራት በአንድ ቤት ትሠራ የነበረች ፊሊፒናዊት ናት፤ አገሯ ሴቡ የምትባል ደሴት። በየዓመቱ በእኛ ጥምቀት ሰሞን የወጥ ቤቱን በር ዘግታ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እያለች ትጨፍር ነበር አሉ። የኛዋ ልጅ ደግሞ ከተራው ትዝ እያላት ታጨበጭብላታለች። የቤቱ እመቤት እስክትመጣ ድረስ ነው እንግዲህ።

ችግሩ የመጣው ልጅቷ ሥዕሏን ከማርያም ሥዕል ጎን ልስቀላት ስትል ነው። እናቷ አሻፈረኝ አሉ። «የፖርቱጋልን ሃይማኖት አባቶቻችን በደማቸው ያባረሩትን፣ አንቺ በሻንጣ ታመጭልኛለሽ?» ብለው ተቆጡ። ዳኛ ሆኜ የተጠራሁት እኔ ነኝ። የሃይማኖቱን ነገር ለሃይማኖት አባቶች ተውኩትና፣ የማውቀውን የታሪኩን ወገን አጫወትኳቸው። ለአንባቢም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እነሆ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ማጄላን ሴቡ የደረሰው ሚያዝያ 7 ቀን 1521 ነው። ፖርቱጋላዊ ሆኖ ሳለ ለስፔን ንጉሥ አድሮ የሚጓዝ ሰው ነበር። ልብ በሉ፣ ልክ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1520 ሚያዝያ፣ አባ አልቫሬዝ ያሉበት የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ምፅዋ ላይ ወርዶ ወደ ልብነ ድንግል ይጓዝ ነበር። ያ ዘመን ከአንድ የአውሮፓ ጥግ የተነሡ መርከቦች የዓለምን በር ሁሉ የሚያንኳኩበት ዘመን ነው።

ሴቡም ብትሆን ሰው ያልደረሰባት ጫካ አልነበረችም። ገዢዋ ሁማቦን ወደብ ለገባ መርከብ ሁሉ ቀረጥ ያስከፍላል። የጉዞው ጸሐፊ ጣሊያናዊው ፒጋፌታ ንጉሡን ያገኘው የኤሊ እንቁላል ከሸክላ ሳህን ሲበላና የዘንባባ መጠጥ በመቃ ሲመጥ ነው። አንድ የሩቅ አገር ነጋዴም እነዚህ ሰዎች ማላካን የያዙት ናቸው፣ ተጠንቀቅ ብሎ አስጠንቅቆታል። እንግዲህ ሁማቦን እንግዶቹን የተቀበለው አስልቶ እንጂ ተሞኝቶ አይደለም።

በሳምንቱ ሁማቦን ተጠመቀና ካርሎስ ተባለ። ሚስቱም ሁዋና ተባለች፤ የሕፃኑ ኢየሱስ ምስል በስጦታ የተሰጠው ለእሷ ነው። ከባሕር ሰርጡ ማዶ ማክታን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እዚያ ካሉት አለቆች አንዱ፣ ላፑላፑ፣ ለስፔን ንጉሥ አልገዛም፣ አልገብርም አለ። ሚያዝያ 27 ማጄላን ሊቀጣው ሄደ። ለሁማቦን፣ አንተ ከጀልባህ ሆነህ ውጊያችንን ተመልከት አለው። ትዕቢት ከውድቀት ይቀድማል እንዲሉ፣ ጀልባዎቹ በድንጋዩ ምክንያት ወደ ዳርቻው መጠጋት አቃታቸው፤ ሃምሳ የማይሞሉ ሰዎች ውኃ እያቋረጡ ወጡ። የጠበቃቸው ከሺህ በላይ ጦረኛ ነው። ማጄላን እዚያው ውኃው ውስጥ ወደቀ። ሬሳውን በዕቃ ለውጡን ቢባልም ላፑላፑ አልሰጥም አለ።

በአራተኛው ቀን፣ ግንቦት 1፣ ያው የተጠመቀው ሁማቦን ከቀሩት የተወሰኑትን ግብዣ ጠርቶ ፈጃቸው። ፒጋፌታ ጥፋቱን የሚጭነው በማጄላን ባሪያና አስተርጓሚ በኤንሪኬ ላይ ነው። ጌታው ሲሞት ነፃ ትወጣለህ የተባለው ሰው፣ አሁንም ባሪያ ነህ ሲባል አሤረ ይላል።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምጠይቃቸው ጥያቄ ነበር፤ ተራኪው ማነው? እዚህም ያው ነው። የላፑላፑ እንቢታ፣ የሁዋና ደስታ፣ የኤንሪኬ ቂም፣ ሁሉም የደረሰን በአብዛኛው በአንድ እንግዳ ብዕር ነው። ሴቡዎች የራሳቸውን መልስ የጻፉት በወረቀት አይደለም። ባደረጉት ነው።

ምን አደረጉ? ስፔኖች ተመልሰው የመጡት ከ44 ዓመት በኋላ፣ በ1565፣ በሌጋስፒ መሪነት ነው። ከተማዋን በመድፍ ደበደቧት፤ ተቃጠለች። አንድ መርከበኛ ከተቃጠሉት ቤቶች በአንዱ ሣጥን ሲከፍት ምስሉን አገኘው። ያው የሁዋና ስጦታ ነው ተብሎ ይታመናል። ሰጪው ተገድሏል፤ ስጦታው ግን ተጠብቋል። በቃል በሚወርደው ታሪክ ዝናብ ሲጠፋ ምስሉን ባሕር ውስጥ እየነከሩ ይለምኑት ነበር ይባላል። ጭፈራው ሲኑሎግ ስሙን ያገኘው ከውኃ ፍሰት ነው፤ ውኃው ሄድ መለስ እንደሚል እግራቸውም እንደዚያው ይላል። ዛሬ በጥር ሦስተኛው እሑድ የሚደረገው ታላቁ ሰልፍ በዚህ መልኩ የተደራጀው በ1980 ሲሆን፣ የቤተ ክርስቲያኑ በራፍ ላይ ሻማ የሚሸጡት ሴቶች እርምጃ ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው። በዋዜማው ምስሉ በጀልባ ታጅቦ ባሕር ላይ ይጓዛል። ጥምቀትን የሚያውቅ ሰው ይህንን ሲያይ ልቡ አንድ ነገር ማለቱ አይቀርም።

የበዓሉ ማዕድም ያንኑ ታሪክ ያወራል። ሆዱ ውስጥ ጠጅ ሣርና ነጭ ሽንኩርት ታጭቆበት በከሰል ላይ እየተሽከረከረ የሚጠበሰው አሳማ፣ በኮኮናት ቅጠል ተጎንጉኖ የሚቀቀለው ሩዝ፣ በኮምጣጤና በዝንጅብል የሚበላው ጥሬ ዓሣ (ጥሬ ሥጋ በሚጥን ሦስት ሚጥሚጣ የምንበላ እኛ ይህን አንነቅፍም)። በድንጋያማው የሴቡ ገጠር ደግሞ በሩዝ ፋንታ የበቆሎ ቅንጬ ይበላል። በቆሎው ከሜክሲኮ በስፔን መርከብ የመጣ ነው። ማንም ግን የቅኝ ገዢ እህል ብሎ አይተፋውም።

ማክታን ላይ አንድ ግቢ አለ። በ1866 ስፔኖች ለማጄላን ያቆሙት ሐውልት አለበት። እዚያው ግቢ ውስጥ የላፑላፑ የነሐስ ሐውልት ከነጋሻው ቆሟል። አንዱን ለማቆም ሌላውን አላፈረሱም። በ2021 ፊሊፒናውያን የማክታንን ድልና ክርስትና የገባበትን 500ኛ ዓመት በአንድ ዓመት አከበሩ። ይህ ቁስሉ ስለዳነ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ መገዛት ተረት አይደለም። ሁለቱንም እውነት በአንድ ግቢ ማቆም ግን ቻሉ። እኛ በሐውልት ስንነታረክ ምን ያህል ዓመት እንደፈጀን አንባቢ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ስተርክ የልጅቷ እናት ደጃፍ ላይ ሰሌን ዘርግተው በርበሬ ያሰጣሉ። «እመይቴ» አልኳቸው፣ «ልክ ነዎት። ሱስንዮስ በ1622 የሮማን ሃይማኖት ሲያውጅ ስንት ሕዝብ አለቀ፣ በ1632ም ሃይማኖት ተመለሰ። እኛ ያኔ ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የራሳችን ክርስትና ነበረን፤ የመጣው ሰው አልተጠመቃችሁም ሲለን እንቢ ማለታችን ይገባል። ሴቡዎች እንግዳውን ገድለው ሕፃኑን አቀፉ፣ እኛ ፓድሬዎቹን አባረርን። ግን ይሄ የሚያሰጡት በርበሬ አገሩ የት ይመስልዎታል?»

«የት ይሆናል? ማረቆ ነዋ!»

«አሜሪካ ነው። በዚያው በመርከቦቹ ዘመን ነው ከአገሩ የወጣው። በቆሎንስ ድሮ የባሕር ማሽላ አላልነውም?»

ዝም ብለው በርበሬውን አገላበጡት። ከዚያ «እሱስ የኛ ነው» አሉ፤ ነገሩን ዘጉት። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። የሴቡዋ ሴትም ስለ ሕፃኑ የምትለው ይህንኑ ነው።

ሥዕሏ ግድግዳው ላይ አልተሰቀለችም፤ የእናት ቤት የእናት ነው። ልጅቷ በጸሎት መጽሐፏ መካከል አስቀመጠቻት። ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ጥምቀትና ሲኑሎግ በአንድ እሑድ ዋሉ። ልጅቷ ጃንሜዳ ሆና በስልኳ ለጓደኛዋ ታቦቱን ያጀበውን ሕዝብ አሳየቻት። ጓደኛዋ ዛሬም እዚያው ዓረብ አገር ናት። የወጥ ቤቱን በር ዘግታ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ጨፈረችላት።