ብረትና አየር ሲገናኙ

እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ አይታችኋል። ሊጡ ምጣዱን መያዝ አለበት፤ ሲበስል ደግሞ መልቀቅ አለበት። ከተጣበቀ ምጣዱ ለሚቀጥለው እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል። የዛሬው ታሪካችን ስለ ሌላ ዓይነት ምጣድ ነው፤ ምጣዱ ብረት፣ ሊጡም አየር ነው።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ሰብል ያለ ናይትሮጅን አያድግም፤ ነገር ግን ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። የናይትሮጅን አቶሞች ሁለት ሁለት ሆነው፣ በሦስት ማሰሪያ ጥብቅ ብለው ስለተሳሰሩ በቀላሉ አይለያዩም።

እ.ኤ.አ. በ1909 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር በካርልስሩህ ከተማ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅንን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ኦስሚየም በተባለ ብረት ላይ አሳልፎ አሞኒያ አገኘ። ኦስሚየም ግን በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለፋብሪካ አይበቃም ነበር። የቢኤኤስኤፍ ኩባንያ መሐንዲስ ካርል ቦሽ ሥራውን ተረከበ፤ ባልደረባው አልዊን ሚታሽም በሺዎች የሚቆጠሩ ሙከራዎች አደረገ። የሚገርመው፣ ንጹሕ ብረት ደካማ ሆኖ ሳለ ከስዊድን የመጣ የብረት ማዕድን በደንብ ሠራ። ምክንያቱ በውስጡ የተቀላቀሉት ባዕድ ነገሮች ነበሩ። እንደ ጎመን ዘሩ፣ ጥቂት ረዳት ብዙ ለውጥ አመጣ። በ1913 የኦፓው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

በዓመቱ ጦርነት ተነሣ። ለማዳበሪያ የታሰበው አሞኒያ ወደ ናይትሪክ አሲድ ተቀይሮ ፈንጂ መሥሪያ ሆነ። ሃበር ራሱም በሚያዝያ 1915 በቤልጅየም ኢፐር ግንባር የጀርመን ጦር የለቀቀውን የክሎሪን መርዝ ጋዝ ሥራ መርቷል። የ1918 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግን ለአሞኒያ ሥራው ተሰጠው።

ፋብሪካዎቹ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠሩ፣ በብረቱ ገጽ ላይ በትክክል ምን እንደሚሆን ገና አልተረጋገጠም ነበር። ይህን የገለጠው ሌላው ጀርመናዊ ጌርሃርድ ኤርትል ነው። ሌላ ጋዝ ገጹን እንዳይሸፍነው አየሩ በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ ንጹሕ የብረት ክሪስታል አስቀምጦ መረመረ። ናይትሮጅኑ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ሁለቱ አቶሞች ይለያያሉ። ከሁሉም ዘገምተኛው እርምጃ ይህ ነው። እዚያው ብረት ላይ የተለያዩት የሃይድሮጅን አቶሞች አንድ በአንድ ይጨመሩበታል። ሦስተኛው ሲጨመር አሞኒያ ይሆንና ገጹን ለቅቆ ይሄዳል፤ ብረቱም ለሚቀጥለው ቦታ ይሰጣል። ኤርትል በ2007 ኖቤል ተሸለመ።

ዛሬ አርሶ አደሮቻችን በማሳቸው የሚበትኑት ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። ብረቱ ይይዛል፣ ይለያያል፣ ይለቃል፤ አሞኒያው ወደ ማሳ ይሂድ ወይም ወደ ጦር ሜዳ አያውቅም። ሃበር ግን ያውቅ ነበር።

ከእናንተ መካከል ኬሚስትሪ የሚማሩ አሉ፤ ነገ ቤተ ሙከራ የሚገቡም ይኖራሉ። በኅብረታችሁ ተወያዩበት፦ አንድ ሰው የሠራው ነገር ከእጁ ከወጣ በኋላ ኃላፊነቱ እስከ የት ይደርሳል?