ከተማ ሲከሰስ፦ ሦስት ነገረ ፈጆች በአንድ መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የምትገኘው ዩክሊድ ነዋሪዋ ከ10,000 የማይበልጥ መንደር ነበረች። ጎረቤቷ ክሊቭላንድ ግን በፋብሪካ ገንና ጢሷን ይዛ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዩክሊድ ትገፋ ጀመር። በኖቬምበር 1922 የመንደሩ ምክር ቤት መሬቱን በስድስት የአገልግሎት ዓይነት የሚከፋፍል ደንብ አወጣ። ፋብሪካው በባቡሩ ሐዲድ በኩል፣ ሱቁ በተመደበለት መንገድ፣ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ደግሞ ከሁለቱም ርቆ እንዲሠራ ታዘዘ። የሕንፃው ቁመትና የቦታው ስፋትም ተወሰነ።

ደንቡን በማርቀቅ የተሳተፉት ጄምስ ሜትዘንባም ኋላም የመንደሩ ጠበቃ ሆነው ተከራከሩለት። የከተማ ነገረ ፈጅ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ችሎት ፊት የቆመ ተከራካሪ ነው። ይሁንና አብዛኛው ሥራው ችሎት የማይደርስ ነው፤ ደንብ ያረቃል፣ ውል ይመረምራል፣ ምክር ቤቱ ከሥልጣኑ እንዳያልፍ ያስጠነቅቃል። ጥብቅና የቆመው ለከተማዋ እንጂ ለከንቲባው ስላልሆነ፣ ከንቲባው የወደዱትን ነገር "ሕግ አይፈቅድም" የሚልበት ቀን ይመጣል። ሹማምንት ነገረ ፈጃቸውን አብዝተው የማይወዱት ለዚህ ይመስለኛል።

አምብለር ሪያልቲ የተባለው ኩባንያ በመንደሩ 68 ኤከር፣ ወደ 27 ሄክታር ግድም፣ መሬት ገዝቶ ፋብሪካ እስኪመጣለት ይጠብቅ ነበር። መሬቱ ለኢንዱስትሪ ቢሸጥ ኤከሩ 10,000 ዶላር፣ ለመኖሪያ ብቻ ከሆነ ግን 2,500 ዶላር ብቻ ያወጣል ሲል ከሰሰ። የግንባታ ፈቃድ ጠይቆ የተከለከለው ነገር አልነበረም። ክርክሩ ደንቡ መኖሩ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል፣ ንብረትን ያለ አግባብ ይነጥቃል የሚል ነበር።

የኩባንያው ጠበቃ ኒውተን ቤከር ናቸው። ቤከር በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የክሊቭላንድ ከንቲባ፣ ከዚያም በፊት ለዓመታት የዚያችው ከተማ ነገረ ፈጅ። ዕድሜያቸውን ለከተማ ሲሟገቱ ኖረው አሁን ከተማን ለመርታት ቀረቡ።

በ1924 የፌዴራሉ ዳኛ ዴቪድ ዌስተንሄቨር፣ የቤከር የቆየ ወዳጅ፣ በመንደሩ ላይ ፈረዱ። በፍርዳቸው ደንቡ በተግባር ሰውን በገቢው እየለየ የሚያሰፍር ነው ብለው ጻፉ። ይህን ቃል እንያዘው።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጃንዩዋሪ 1926 ተሰማ። ሜትዘንባም የቤከር አንደበት ዳኞቹን ሳይዛቸው አልቀረም ብለው ሠጉ፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለዋና ዳኛው ዊልያም ታፍት በቴሌግራም ተጨማሪ የጽሑፍ መልስ እንዲፈቀድላቸው ለመኑ። ተፈቀደላቸው። ፍርድ ቤቱም ክርክሩን እንደገና ለመስማት ወሰነ።

በዚህ መሐል ሦስተኛው ነገረ ፈጅ ገቡ። አልፍሬድ ቤትማን የታፍት የትውልድ ከተማ የሲንሲናቲ ነገረ ፈጅ የነበሩ ሰው ናቸው። ተከራካሪ ወገን ሳይሆኑ አስተያየታቸውን በጽሑፍ አቀረቡ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ ከተማ ጎረቤትን የሚያውክ ነገርን የማስቆም ሥልጣን ከጥንትም አለው፤ በፕላን መከፋፈል ደግሞ ሁከቱ ከመድረሱ በፊት መከላከል ነው። በእኔ ሚዛን መዝገቡን ያዳነው ይህ ጽሑፍ ነው፤ ሜትዘንባም ስለ አንዲት መንደር ሲሟገቱ ቤትማን የከተሞችን ሁሉ ጉዳይ አሳዩ።

ኖቬምበር 22 ቀን 1926፣ በእኛ ኅዳር 13 ቀን 1919 ዓ.ም.፣ መንደሩ 6 ለ 3 ረታ። ፍርዱን የጻፉት በንብረት መብት ጥብቅ የነበሩት ጆርጅ ሰዘርላንድ መሆናቸው ብዙዎችን አስገረመ። ሰዘርላንድ በበረቱ ነውር የሌለበት አሳማ ሳሎን ሲገባ ሁከት ይሆናል የሚል ምሳሌ ሰጡ። የኪራይ አፓርታማንም ከዚያው ጎራ መድበው፣ የመኖሪያ ሰፈርን ፀሐይና አየር የሚሻማ ጥገኛ አስመሰሉት።

እዚህ ላይ ነው የተሸናፊው ዳኛ ቃል የሚመለሰው። ከፍርዱ በኋላ በርካታ ከተሞች ሰፊ ግቢና የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ እያዘዙ ድኻውን፣ ጥቁሩንና መጤውን ከሰፈር አራቁ። ቀለምን በግልጽ ጠቅሶ ሰፈር መለየት በ1917 በሉዊቪል ከተማ ጉዳይ ስለታገደ፣ የመሬት ምድብ ለአንዳንዱ ምቹ መሸሸጊያ ሆነ። ዌስተንሄቨር በሕጉ ተረቱ፤ በትንበያቸው ግን አልተሳሳቱም።

አምብለር ይጠብቀው የነበረው ፋብሪካም መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በመሬቱ ላይ የአውሮፕላን ክፍሎች ማምረቻ ተተከለ፤ ኋላ ወደ ጄኔራል ሞተርስ ተላለፈ።

ፍርዱ ዛሬም አልተሻረም። ስለዚህ በአሜሪካ ከተሞች እንጀራ ጋግራችሁ ለመሸጥ ወይም ምግብ ቤት ለመክፈት የምታስቡ ወገኖች፣ የኪራይ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ቦታው ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ከከተማው ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።